ደም የማያሳይ ጨርቅ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የጭንቅላት ምርመራ ቀጠሮ ኃላፊ፤

እንደምን ሰነበቱ? እርስዎ፣ ቤተሰብዎና በተለይም ማኅተምዎ በሙሉ ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሰው ሁሉ በሚያነበው ግልጽ ደብዳቤ ልጽፍልዎ የደፈርሁት ስለ ዘጠኝ ዓመት ልጄ ነው።

ባለፈው ዓመት ታላቅ እህቴ ከጎኔ ስትሰፋ፣ የያዘችውን እጅጌ ሳትጨርስ፣ ራሴን ብላ ወደቀች፤ አልተነሣችም። ሐኪሙ አንጎሏ ውስጥ ከውልደቷ ጀምሮ የተወሳሰቡ የደም ሥሮች እንደነበሩ፣ አንዱ መፈንዳቱን፣ ችግሩም በዘር እንደሚወረስ ነገረኝ። ቤተሰባችንን የማይለቀው ነስርም ምልክቱ ነው፤ ልጅህን ቶሎ አስመርምር አለኝ። ሰባት ጊዜ ወደ እርስዎ ተመላልሻለሁ፤ ስለሚከተሉት ውለታዎችዎም አመሰግናለሁ።

1. ልጄ በእግሯ ስለመጣች ጤነኛ ናት ብለው ስለመለሷት። የመስኮቱ ጸሐፊዎም ስትወድቅ ይዘሃት ና ብለው መክረውኛል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው የቢሮ መመሪያ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

2. በሽታው ያለበት የቤተሰብ አባል በአካል ቀርቦ ይፈርም ስላሉ። እህቴ ያለችበትን ቦታ ላሳይዎ እችላለሁ፤ እዚያ ወረፋ የለም።

3. የነስሩን ማስረጃ ስለጠየቁ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛ ነው። እናታችን ሰው እንዳያየን ብላ መሐረቡንም የትራስ ልብሱንም ጠቆር ካለ ቀይ ጨርቅ ትሰፋልን ነበር፤ እኔም ለልጄ እንደዚያው ሰፋሁላት። አርባ ዓመት ሙሉ ሲነስረን ኖረን ለእርስዎ የሚታይ አንዲት ጠብታ አላስቀረንም።

አራተኛም ነበረኝ፤ ተውሁት። ጌታዬ፣ ፈርቻለሁ። ልጄ እጇን ወደ ግንባሯ ባነሣች ቁጥር የስፌት መኪናዬን አቁሜ ፊቷን አያለሁ፤ ጸጉሯን ልታስተካክል ብቻ ቢሆን እንኳ። እባክዎ፣ ቆማ እያለች ይዩልኝ።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለማኅተምዎ ረጅም ዕድሜ፣ ቢተርፍ ደግሞ ለልጄም ጥቂት የምመኝ፣

አክባሪዎ፣
የልጅቷ አባት

ማስታወሻ፦ ማስረጃ አምጣ ባሉኝ ማግስት ለልጄ ነጭ መሐረብ ሰፋሁላት። አባዬ ይሄ እኮ ይታያል ብላ እምቢ ብላኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሲነስራት የያዘችበትን ከደብዳቤው ጋር አያይዣለሁ። ለማኅተምዎ የሚሆን ነጭ ቦታ ከአንዱ ጥግ ብቻ ነው የተረፈው።