አያቶቻችንን ጢጥ ላደረጋችሁልን

ለተከበራችሁ የአራቱ ዩኒቨርሲቲዎች ቤተ መጻሕፍት የጋራ የምርምር ዳታ ኅብረት የቦርድ አባላት፤
ካልጋሪና ሌሎችም ባላችሁባቸው ከተሞች ሁሉ።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁን እመኛለሁ። ቺኑክ የሚሉት ይህ ሙቅ ነፋስ በክረምት መካከል ሲነሣ የኔን ራስ እንደሚመታኝ የእናንተን እንዳይመታ፣ የቀለጠው በረዶ መልሶ ሲረጋ እግራችሁን እንዳያዳልጣችሁ፣ ኮምፒዩተሮቻችሁም ሳይታመሙ ውለው እንዲያድሩ እለምናለሁ። እኔ በበኩሌ ደኅና ነኝ እንዳልል ደኅና አይደለሁም። መቀመጥ አቅቶኛል። ከሶፋው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ እመላለሳለሁ፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር እናንተ ትሆናላችሁ እያልኩ እነሣለሁ፤ አንድ ጊዜም ሆናችሁ አታውቁም።

ስሜ ፀጋዬ አምባዬ ነው። ካልጋሪ ውስጥ ራንድል በሚባለው ሰፈር የምኖር ሽማግሌ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፣ በዚህም አፍሬ አላውቅም፤ እርፍ ጨብጬ አርሻለሁ፣ በዚህም አገር የአየር ማረፊያውን ወለል እየወለወልኩ ልጅ አሳድጌያለሁ። ይህን ደብዳቤ እኔ እየተናገርኩ የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ ፍስሃዬ ነው። አስመራ ተወልዶ በአማርኛ የተማረ ሰው ስለሆነ አማርኛዬን ሲያቃናልኝ ዝም እለዋለሁ፤ ነገሬን ሲያለዝብብኝ ግን እቆጣዋለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች ለስልሶ የምታገኙት ነገር ካለ የሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኛ ዘንድ ሁለት ልጆች ሊጋቡ ሲሉ ሰባት ቤት ወደ ላይ ይቆጠራል። ከሰባቱ ቤት ውስጥ አንድ የጋራ አያት ከተገኘ ልጆቹ ዘመድ ናቸውና አይጋቡም። ይህንን ትውልድ በቃሉ የሚይዝ በየቤተሰቡ አንድ ቆጣሪ አለ፤ የኛ ቤት ቆጣሪ ታላቅ እህቴ ገበያነሽ ነበረች፣ እኔ እታለም የምላት። አያታችን በልጅነቷ ከጉልበቱ ሥር አስቀምጦ ያስጠናት እሷን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሮሚ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ያገራችን ልጅ፣ ለምርምሯ ብላ ቤታችን መጥታ እታለም ስትቆጥር ድምፅዋን ቀዳች። ስምዎ ይታወቅ ወይስ ይደበቅ ብላ ስትጠይቃት እታለም «ለምን ይደበቃል ልጄ፣ ነፍስ አጥፍቻለሁ?» ብላ ነው አውራ ጣቷን ያተመችው። ቅጂው ወደ እናንተ ገባ። ሮሚ በእጇ ያለውን በደንቡ መሠረት አጥፊ ተብላ አጠፋች፣ ተመረቀች፣ ሌላ አገር ሥራ ይዛ ሄደች። እታለምም ባለፈው ሰኔ አረፈች።

እሷ ካረፈች በኋላ የልጅ ልጄ ሄርሜላ ይዲድያ የሚባል ልጅ ላገባ ነው አለች። ልጁ ሲቲስኬፕ በሚባለው ሰፈር ቤት ያለው፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል፣ ሽማግሌ ሲገባ ከወንበሩ የሚነሣ ነው። ነቀፋ ፈልጌ አጣሁበት። የናትህ ዘመዶች ከወዴት ናቸው ብዬ ስጠይቀው ግን ከፋርጣ አለኝ። የኛም አገር ፋርጣ ነው። ቤተሰቡ ወደ ላይ ሲቆጥሩ በሰባቱ ውስጥ ጥቁሩ ጓንጉል የሚባል ሰው አለባቸው። በኛም ቆጠራ ውስጥ ከሄርሜላ ወደ ላይ ሰባተኛው ጓንጉል እንደሚባል ከእታለም አፍ ሰምቻለሁ። በዚያ አገር ግን ጓንጉል ሁለት ነበሩ፣ ቀዩና ጥቁሩ። የኛ ቀዩ ከሆነ ልጆቹ ባዕድ ናቸው፣ ይጋቡ። የኛ ጥቁሩ ከሆነ ግን ዘመድ ናቸው። እኔ የማውቀው እስከ ቅድመ አያቴ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን የምታውቀው እታለም ብቻ ነበረች፣ አሁን ደግሞ የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ አቀባበላችሁ አመሰግናለሁ። ከፍስሃዬ ጋር በከተማችን ወዳለው አባል ቤተ መጻሕፍታችሁ ስንሄድ አንዲት ትሑት ሴት ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ፣ ማዳመጫም ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። የእህቴን ድምፅ ሰማሁ። ካረፈች ወዲህ ያልሰማሁትን ድምፅ ስላሰማችሁኝ ስል ምንም ተንኮል የለበትም። ከዚያ መቁጠር ጀመረች። «ጢጥ የጢጥ ልጅ ነው፤ ጢጥ ደግሞ የጢጥ፤ ጢጥ ከጢጥ አገር ሴት አግብቶ ጢጥን ወለደ።» ስም በተጠራበት ሁሉ ድምፅዋ ተቆርጦ ማሽን ጢጥ ይላል። የሰው ስም ጢጥ፣ ያገሩ ስም ጢጥ፣ ቀዩ ጥቁሩ የሚለው ቅጽሉም ማንነትን ይጠቁማል ተብሎ ጢጥ። ሮሚ በቀዳቻት ቀን እኔ ወጥ ቤት ውስጥ ሬዲዮ ከፍቼ ስለነበር በመካከል ላይ «አንተ ጢጥ፣ ቀንሰው እንጂ!» ትላለች። ያ ጢጥ እኔ ነኝ። ፍስሃዬ የማዳመጫውን አንዱን ጆሮ ተቀብሎኝ ሲያዳምጥ ቆየና «ኣንታ ፀጋዬ፣ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ እኮ ነው የሚመስለው» አለኝ። ሳሏን ግን አልነካችሁባትም። ሳሏ አንድም ሳይጎድል አለ። ስለ ሳሏም አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ጥበቃችሁ። ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ ሳስጠይቅ የሦስተኛ ወገኖችን ፕራይቬሲ ለመጠበቅ ነው ተባልኩ። ሦስተኛ ወገን ማለት እታለም ስማቸውን የጠራቻቸው፣ ፈቃዳቸውን ግን ያልሰጡ ሰዎች ናቸው። እነሱም አያቶቼ ናቸው። ጓንጉል አፈር ከለበሰ ስንት ዘመኑ፤ ይኸው ማንም ስልክ ደውሎ እንዳያውከው ስለጠበቃችሁት ዘሩ ሁሉ ያመሰግናችኋል። ነገር ግን ያ ሰው በሕይወት ሳለ ስሙ እንዲጠራለት ሲፎክር የኖረ ነው። ስሙ አይጠራ የሚባል ሰው በኛ አገር አንድም የተረገመ ነው፣ አንድም ወገኑን የካደ። የኔ አያቶች ከሁለቱ የትኛውን እንዳጠፉ መርምራችሁ ከደረሳችሁበት ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛ፤ ይህ ትብብር የምትሉት ነገር እጅግ ያስቀናል። ያልተፋቀው ድምፅ አለ ወይ ብዬ አስጠየቅሁ። አለ ተባለ፤ እልል ልል ነበር። ለካ የኛው ከተማ ቤት የሚይዘው የተፋቀውን ቅጂና መዝገቡን ብቻ ነው። ያልተፋቀው ድምፅ ተራራውን ተሻግሮ ሁለተኛው ቤት ተቆልፏል። ሁለተኛው ቤት ሲደወልለት፣ ድምፁ እኛ ዘንድ አለ፣ መክፈቻው ግን የሦስተኛው ነው አለ። ሦስተኛው፣ መክፈቻው አለን፣ ፈቃዱ ግን የአራተኛው ቤት ኮሚቴ ነው አለ። የአራተኛው ቤት ኮሚቴም በታላቅ ትሕትና፣ ጥያቄያችሁን በአቅራቢያችሁ ላለው ቤተ መጻሕፍት አቅርቡ አለን። ተመልሰን ያቺው ትሑት ሴት ዘንድ ሄድን። ገና ስታየን ዐይኗን ሰበረች፤ እሷን አልወቅስም፣ ቁልፍ አልሰጣችኋትም። በኛ አገር አንድ ሰው እምቢ ማለት ሲፈልግ ብቻውን እምቢ ይላል። ለአንድ ሽማግሌ እምቢ ለማለት አራት ዩኒቨርሲቲ ክንድ ለክንድ ሲያያዝ ያየሁት ግን እናንተ ዘንድ ነው።

እዚህ ላይ ፍስሃዬ እስክሪብቶውን አስቀመጠና «ይኼስ ስድብ አይሆንም?» አለኝ። «እንግዲያው በታላቅ አክብሮት የሚል ጨምርበት» አልኩት። በታላቅ አክብሮት።

አራተኛ፤ ለቅጂው ቁጥር እንደሰጣችሁት ተነገረኝ፤ ሕንፃው ቢፈርስ፣ ኮምፒዩተሩ ቢለወጥ የማይጠፋ ቁጥር ነው አሉኝ። ስሟን አጥፍታችሁ የማይጠፋ ቁጥር ስለሰጣችኋት እግዜር ይስጥልኝ። ከባሕር ማዶም ሰዎች ዳውንሎድ እያደረጉ ያዳምጡታል ተባልኩ። ለምን እንደሚያዳምጡት አልጠየቅሁም፤ መቼም ጢጡን ወደውት ይሆናል። ግድግዳችሁ ላይ ደግሞ ዳታ ለሁሉም ክፍት ነው የሚል በትልቁ ተጽፏል፣ ፍስሃዬ አነበበልኝ። ለሁሉም መሆኑን አልጠራጠርም። እኔ ከሁሉም ውስጥ አለመቆጠሬን ግን የነገረኝ አልነበረም።

አምስተኛው ሄርሜላ ናት።

ሠርጉ ዐቢይ ጾም ሳይገባ እንዲሆን ነበር የታሰበው። እኔ ግን የጓንጉል ነገር ሳይለይ አልመርቅም አልኩ። ልጄ መሲ፣ የሄርሜላ እናት፣ «አባዬ፣ ምራቃቸውን ልከን እናስመርምርና ይለይለት» ብላ የሁለቱንም ላከች። ውጤቱ መጣ፤ ሁለቱም ከምሥራቅ አፍሪካ ናቸው ይላል። ለዚህ ምራቅ ማባከን አያስፈልግም ነበር። ሄርሜላም በበኩሏ «አባባ፣ ላይክ፣ ሰባተኛ ቤት እኮ ነው፣ ማን ኬር ያደርጋል?» አለችኝ። «እኔ ነኛ ኬር የማደርገው!» አልኳት። በሩን ወርውራብኝ ወጣች። በማግሥቱ ከሺፍቷ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አጠገቤ ቁጭ አለች። «አንቱ ካልመረቁን ኖ ዌዲንግ፣ እጠብቃለሁ» አለችኝ። በሩን ስትወረውር አልደነገጥኩም ነበር፤ የደነገጥኩት እጠብቃለሁ ስትል ነው። እኔን የሚያውቅ ሁሉ ቃሌን እንደማላጥፍ ያውቃል፤ ልጅቷም ታውቃለች። ልጅን የሚያህል ነገር እናንተ ደጅ ላይ አስሬ ቆሜያለሁ።

ነፍሱን ይማረውና አያታችን እኔንም ከእታለም ጋር ከጉልበቱ ሥር ቢያስቀምጠኝ ኖሮ ዛሬ እናንተን ባላስቸገርኩ። የምጠይቀው ቅጂ አይደለም። ገንዘብም ካሣም አይደለም። ያልተፋቀውን ድምፅ በዘበኛ ፊት፣ በተዘጋ ክፍል፣ ከፈለጋችሁም እጄን አስራችሁ አንድ ጊዜ አሰሙኝ። የምፈልገው የአንድ ሰው ስምና ቅጽሉን ነው። እስከዚያው ግን ይህ ደብዳቤ ግልጽ ነውና እናንተ የሸፈናችሁትን እኔ አደባባይ ላይ እጠራዋለሁ። ሄርሜላ የመሲ ልጅ ናት። መሲ የፀጋዬ። ፀጋዬ የአምባዬ፣ አምባዬ የረታ፣ ረታ የወሰኔ። ወሰኔ የማን ነው? የፋርጣ ሰዎች፣ በዚህ ከተማም ሆነ በሌላ ያላችሁ፣ ከወሰኔ በላይ ያለውን የምታውቁ፣ የጓንጉልንም ቀይነት ሆነ ጥቁረት ከአባቶቻችሁ የሰማችሁ ደውሉልኝ፤ ቀንም ቢሆን ሌሊት አነሣለሁ። እናንተ ሥልጣን ያላችሁ ደግሞ ስሞቹን ስጠራ ከመካከላቸው ፈቃድ የከለከለኝ እንደሌለ ልብ በሉልኝ።

የጾሙ መግቢያ እየቀረበ ነው። ከቅበላ በፊት ከእናንተም ከወገንም መልስ ካልመጣ ልጆቹን አቁሜ እመርቃቸዋለሁ። ይህን ስናገር ፍስሃዬ ቀና ብሎ አይቶኛል፤ ጻፍ ብዬዋለሁ። እኔ ፀጋዬ፣ እምቢ ያልኩት ሰውዬ፣ እመርቃለሁ፤ ልጅቷ እኔን መጠበቋ ይበቃል፣ እናንተንም እንድትጠብቅ ላደርጋት አይገባኝምና። ከተጋቡ በኋላ ዘመድ ሆነው ቢገኙ በላይኛው ቤት በእግዜር ፊት ስጠየቅ የምመልሰው አለኝ፤ ስሙን የያዙት አራት ቤቶች ነበሩ፣ ተጠይቀው ዝም አሉ እላለሁ። በበደሉም ክብደት አንዳችሁ ብቻውን ይጎብጣል ብዬ አልሠጋም። ለአራት ትሸከሙታላችሁ፤ መተባበር ታውቁበታላችሁ።

ለኮሚቴያችሁ ረጅም ዕድሜን፣ ለቁልፎቻችሁ አለመዛግን፣ ለትሑቷ ሴት ደግሞ የተሻለ አለቃን እየተመኘሁ፣ የገበያነሽ ታናሽ ወንድም፣ የሄርሜላ አያት፣ እናንተ ዘንድ ጢጥ ተብዬ የምታወቀው፣

ፀጋዬ አምባዬ ረታ ወሰኔ
(የቀኝ እጅ አውራ ጣት አሻራ)

የጻፈው፦ ፍስሃዬ

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፤ ደብዳቤው አልቆ ሳለ መልሳችሁ መጣ፤ ስለ ፍጥነታችሁ አመሰግናለሁ። ያልተፋቀውን ድምፅ ለመስማት የሚቻለው ተሳታፊዋ ራሷ አዲስ የፈቃድ ወረቀት ስትፈርም ነው ብላችኋል። መልካም። እህቴ ያለችበትን አቅጣጫ እናንተ ለመደባችሁት ለማንኛውም ሰው አሳያለሁ፤ መካነ መቃብሩ ውስጥ ከገባችሁ ሦስተኛው ተራ ላይ ናት፣ ስሟም ድንጋዩ ላይ በትልቁ ስለተቀረጸ አይጠፋችሁም። አደራችሁን እሱን እንኳ እንዳትፍቁት።