ሜሮን የያዘችው ባስ

ቅዳሜ፣ ጁላይ 19

ትናንት ለልጄ ለሜሮን ደውዬ «ነገ ዓሣ ልናጠምድ እንሂድ» ስላት «ሶሪ አባቢ፣ ሥራ አለኝ» አለችኝ። ስለዚህ ዛሬ ከምኖርበት ከክሬሰንት ታውን ብቻዬን ነድቼ ወደ ግድቡ ሄድኩ።

እዚያ ስሞልማውዝ ባስ የሚባለው ዓሣ የሚውልበትን ቦታ ለማግኘት ሁለት ሰመር ፈጅቶብኛል። ድንጋዩ ድንገት ወደ ጥልቁ ውሃ የሚወርድበት ጥግ ነው። ከሜሮን በቀር ለማንም አላሳየሁም።

ስደርስ ሜሮን እዚያው ድንጋይ ላይ ቆማለች። የእናቷ ባል ሰለሞን አጠገቧ መረብ ይዞ ይስቃል። የማጥመጃ ዘንጓ ጎብጧል። ልክ እኔ እንዳስተማርኳት፣ ክሩን ከልክ በላይ ሳትወጥር፣ ዓሣው እስኪደክም ጠብቃ አወጣችው። እኔ እንኳ ዘንድሮ ያን የሚያህል ባስ አልያዝኩም።

ቆሜ አየኋቸው። በኋላ ዞር ስትል አየችኝና ሳቋ ጠፋ።

ሰለሞን መጥቶ ጨበጠኝ። «ሜሪ ናት ያሳየችኝ። እንዴት ያለ ቦታ ነው ባክህ! አንተም ታውቀዋለህ እንዴ?» አለኝ።

ማን እንዳገኘው አልነገረችውም ማለት ነው።

«አውቀዋለሁ» አልኩት።

«አባቢ፣ አር ዩ ማድ? ተቆጣህ?» አለች ሜሮን።

«ዓሣውን ወደ ውሃው መልሺው፣ እየሞተ ነው» አልኳት።

ጎንበስ ብላ ለቀቀችው። እኔም መንጠቆዬን ውሃ ሳላስነካ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

አመሻሹ ላይ ምንም ሳትጽፍ አንድ ፎቶ ላከችልኝ። ዓሣውን በሁለት እጇ ይዛ ትስቃለች። ገና እኔን ሳታየኝ ሰለሞን ያነሳት ነው።