ፊደል የሚበላው ኮዴ

ሰኞ

የጸሐፊያችን የሐዋ ደብዳቤ ዛሬም ተመለሰ። የአስተዳደር ኃላፊያችን አቶ ደምሴ በቀይ እስክሪብቶ ከበው ከበው ወረወሩላት። "የክልሉ ምክር ቤት" መባል ያለበት ቦታ "የክሉ ምክ ቤት" ይላል። ደግሞ ለዞን የሚላክ ደብዳቤ!

ከዚያ እኔን ቢሯቸው ጠሩኝ። "እውነቱን ንገረኝ፤ ፕሮግራምህ ነው ወይስ ልጅቷ?"

የአማርኛ መጻፊያውን ፕሮግራም የሠራሁት እኔ ነኝ። ክልሉ አዲስ፣ ቢሮው አዲስ፣ የሥራ ቋንቋው አማርኛ፤ ኮምፒውተሩ ግን ከእንግሊዝኛ ሌላ አያውቅም። ሠርቼ ሳሳይ ተጨበጨበልኝ። በግልገል በለስና በካማሺ ላሉት የዞን ቢሮዎችም ይላካል ተባለ። ከተሳካ አቶ ደምሴ ወደ አዲስ አበባ የምዛወርበትን ደብዳቤ ሊፈርሙልኝ ቃል ገብተዋል።

"ፕሮግራሙ ተፈትኗል" አልኳቸው። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት! "የቤርታ ልጅ አይደለች? አማርኛው ስላልገባት ይሆናል" ብዬ ጨመርኩበት። ራሳቸውን ነቀነቁ። አፌን በቆረጠው።

የሐዋ የሙከራ ጊዜ በዚህ ሳምንት ያልቃል። ቋሚ ትሁን ወይስ ትሰናበት፣ ኮሚቴው ዓርብ ይወስናል።

ያልኩትን አምኜበት ነው ያልኩት። ይመስለኛል። 

ማክሰኞ

ሐዋ ከጓሮዋ ማንጎ አመጣችልኝ። በጋዜጣ ጠቅልላ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና "ብላ፣ ከስተሃል" አለች። ቀና ብዬ ሳላያት አመሰገንኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጄኔሬተሩ እንደተነሳ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስህተቷን ላርማት ብዬ እኮ ነው፣ ወይ እኔ! ዓይኗ ከወረቀቱ አይነሳም፤ ጣቶቿ ይበራሉ። በታይፕራይተር የሠለጠነች ናት። መጀመሪያ ደህና ሄደ። ፍጥነት ስትጨምር ግን አንድ ፊደል ጠፋ። ጣቷ ቁልፉን ሲመታው በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

"እኔ መታሁ። ማሽን በላ" አለችኝ። "ሁልጊዜ ይበላል። ለአቶ ደምሴ ነገርኩ፣ አልሰማም።"

"እስቲ ቀስ ብለሽ ሞክሪ" አልኳት። ምንም አልጠፋም።

ፕሮግራሙን የፈተንኩት እኔው፣ በሁለት ጣቴ እየለቀምኩ ነው። በዚህ ቢሮ ውስጥ በአሥሩም ጣቷ የምትጽፈው እሷ ብቻ ናት። ጉዴ ፈላ።

ረቡዕ

አገኘሁት። ባላገኘው ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቁልፍ በተነካ ቁጥር ኪቦርዱ ማሽኑን ይጠራል፤ ኢንተራፕት የሚሉት ይህንኑ ጥሪ ነው። ማሽኑ የያዘውን ሥራ ጥሎ ጥሪውን ወደሚቀበለው ኮድ ይሮጣል። የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ከርነሉ፣ የራሱ ተቀባይ አለው፤ ፊደላችንን ግን ስለማያውቅ ጥሪውን ነጥቄ ለራሴ ኮድ ሰጠሁት። የኔው ጉድ ታዲያ ምን ያደርጋል? ገና ሲገባ ሌላ ጥሪ እንዳይመጣ በሩን ይዘጋል። ከዚያ ፊደሉን ይፈልጋል፣ ቅርጹን ስክሪኑ ላይ ይሥላል፣ አልበቃ ብሎት መስመሩን በሙሉ እንደገና ይሥላል። ይህን ሁሉ በሩን ዘግቶ! ኪቦርዱ ጥቂት ቁልፍ ይዞ መጠበቅ ይችላል፤ ሲሞላበት ግን የመጣውን ይጥላል። ሐዋ ስትፈጥን ይሞላበታል። እኔ በሁለት ጣት ስንቀረፈፍ ከየት ይሞላል?

እሺ ይሄ የማይታወቅ ነገር ነው? ጥሪውን ተቀበል፣ ቁልፉን ወረፋ አስይዝ፣ በሩን ክፈት፣ ውጣ። ሥዕሉ ኋላ ይደርሳል። ገና ስማር የተነገረኝ ነው። ቸኮልኩ። ጭብጨባው ጣፈጠኝ።

ከሥራ ሳንወጣ አስተካከልኩት። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ነገ ደብዳቤዋ ንጹህ ሆኖ ይወጣል፣ አቶ ደምሴም ይረሱታል፣ ነገሩ በዚያው ይቀራል ብዬ። ፈሪ!

ሐሙስ

ደብዳቤዋ ንጹህ ወጣ። አቶ ደምሴ ወረቀቱን እያወዛወዙ ወደኔ መጡ። "አየህ? ስትቆጣቸው ይሻሻላሉ!" አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ፣ "ግን ምን ያደርጋል፣ ኮሚቴው የሚያየው የሙከራ ጊዜዋን በሙሉ ነው። አማርኛ የምትችል ሌላ ጸሐፊ እንፈልጋለን።"

ውሃ ሆንኩ። ያቺ "አማርኛ የምትችል" የምትለዋ የኔ ናት። ከኔ አፍ ወጥታ ነው እሳቸው አፍ የገባችው።

ከሰዓት በኋላ ሐዋ ስክሪኑ ላይ አንድ የተሳሳተ ፊደል አሳየችኝ። ዘልዬ ተነሳሁ፤ ኮዱ እንደገና በላ ብዬ። ሳቀችብኝ።

"ተቀመጥ። ይሄ ማሽን አይደለም። ይሄ የኔ ነው።"

አጠፋችው፣ በትክክል መታችውና ቀጠለች። በቃ። እኔ እኮ ይህቺን "የኔ ነው" ከረቡዕ ጀምሮ ከጉሮሮዬ ማውጣት አቅቶኛል። ነገ ሥራ ፍለጋ የምትወጣው እሷ፣ አዲስ አበባ የምሄደው እኔ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ዓርብ

ሳልጠራ ኮሚቴው ፊት ገባሁ። "ፊደሉን ሲበላ የነበረው የኔ ኮድ ነው። ስለ አማርኛዋ ያልኩትም ሳላጣራ ያልኩት ነው" አልኩ።

ከሠራተኛ አስተዳደር የመጡት ወይዘሮ ትክ ብለው አዩኝ። "መቼ አወቅህ?"

"ረቡዕ።"

"እና እስከ ዛሬ?"

ከኪሴ ፍሎፒ አውጥቼ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ።

አሮጌው ፕሮግራም እሱ ላይ ነበር። ሐዋን አስጠሯትና የሆነውን ነገሯት። መጀመሪያ በአሮጌው፣ ከዚያ በአዲሱ አስጻፏት። አሮጌው በላ፤ አዲሱ አልበላም። ጽፋ እስክትጨርስ ወደኔ ዞር አላለችም።

ቋሚ ሆነች። ተመስገን!

አቶ ደምሴ ኮሪደር ላይ ያዙኝ። "ልጅቷን በኔ አፍ አሰደብካት። ዝውውሩን ለጊዜው እርሳው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ለዝውውሩ ብዙም አልከፋኝም፤ እሷ ዞር ብላ አለማየቷ ነው አንጀቴን የቆረጠው።

ቅዳሜ

ገበያ ውስጥ ከእናቷ ጋር ባሚያ ስትመርጥ አገኘኋት። መሸሽም አማረኝ፤ እንደምንም ተጠጋሁ። እናትየውን ሰላም አልኳቸው፣ እጄን ጨብጠው መረቁኝ። አልነገረቻቸውም ማለት ነው።

"ሰኞ ያልከውን ሰማሁ" አለች ሐዋ፣ ዓይኗን ከባሚያው ሳታነሳ። "ግድግዳው ቀርከሃ ነው። 'ሐዋ አማርኛ አያውቅም' አልክ።"

ደነገጥኩ። "ታዲያ በማግስቱ ማንጎውን ለምን አመጣሽልኝ?"

"ዓይኔን ያያል ወይ ብዬ። አላየህም።"

"ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ሐዋ" ብቻ አልኩ።

"ለኮሚቴ ነገርክ፣ ሐምዱሊላህ፣ ሥራ አገኘሁ። ለኔ ግን ገና ዛሬ ነገርክ።" ባሚያውን ዘንቢል ውስጥ ጨመረችና "ሰኞ እንገናኝ" ብላኝ ከእናቷ ጋር ሄደች።

ይቅር ብላኝ ይሁን ወይስ ሰኞ ሥራ ስለሆነ ብቻ፣ አላወቅኩም። ስመለስ፣ ሰኞ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጥላታለሁ ብዬ ማንጎ ገዛሁ። ጓሮዋ ሙሉ ማንጎ ላላት ሰው! አይ የኔ ነገር።

ማንጎውን እኔው በላሁት። ሰኞ ባዶ እጄን ገብቼ ቀና ብዬ አያታለሁ።