እማዬ እጇን ያሳረፈችበት ማጉያ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷም ተሽሏታል። ስድስት ዓመት ሙሉ የምንጻጻፈው ይህንኑ ስለሆነ አስቀድሜ ልገላገለው ብዬ ነው። የዛሬው ደብዳቤ ግን አንተ እንዲነሳብህ ስለማትፈልገው ነገር ነው። ቁጭ በልና አንብበው። ማጉያው ሠርቷል።

አዎ፣ ያው የኛው ማጉያ። ከአንቴናው የሚመጣውን ደካማ ድምፅ ሬዲዮው ጋ ሳይደርስ ያጎላልናል ብለህ፣ ቆርቆሮ ቆርጠህ ባጠፍከው ሳጥን ውስጥ ሦስት ወር የለፋህበት። ለመጀመሪያ ጊዜ በሬዲዮ ከሩቅ ሰው ጋር በሚነጋገሩት የክበባችን ሰዎች ፊት የሰካኸውን ዕለት መቼም አንተም አትረሳውም። ድምፅ ይሰማል ብለን ጆሯችንን ስናቆም እንደ ዶፍ ዝናብ የሚንሿሿ ጫጫታ ብቻ ወጣ። ሊቀመንበሩ የሽቦ ጥቅሉን በእስክሪብቶው ነካ አድርጎ፣ «ይሄ በመላ የሚሠራ ነገር አይደለም፣ መጀመሪያ የሽቦውን ዙር መቁጠር ልመድ» አለህ። ሰዉ ሳቀ። አንተ ሳጥኑን ኪስህ ከትተህ ወጣህ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ያልቀየርከው ነገር አልነበረም፤ መለዋወጫ ካጣህለት ትራንዚስተር በቀር። በወሩ እዚያ ማዕድን ማውጫው ሥራ ይዘህ ሄድክ፤ ሬዲዮውንም ሳጥኑንም ለእኔ ትተህ።

አሁን የደበቅኩህን ልንገርህ። ክበቡ ከመሰብሰቡ አንድ ቀን በፊት፣ አንተ የብየዳ እርሳስ ልትገዛ እንደወጣህ፣ እስቲ ልሞክረው ብዬ ሳላስተውል ባትሪውን ገልብጬ ሰክቼው ነበር። ለቅጽበት ነው። ግን ትራንዚስተር ለመቃጠል ከዚያ በላይ እንደማይፈልግ አንተው አስተምረኸኛል። እያፏጨህ ስትገባ ልነግርህ አፌን ከፈትኩና ዋጥኩት። በማግሥቱ ሰዎች በጥቅልህ ሲስቁም አፌን ለጉሜ ቆምኩ። ወንድሜን ከቤት ያስወጣሁት እኔ ነኝ እያልኩ ስድስት ዓመት ኖርኩ። ደብዳቤዎቼ ከእማዬ ጉልበት ዘልለው የማያውቁት ለዚህ ነው።

ባለፈው ወር ያንኑ ዓይነት ትራንዚስተር በስንት ፍለጋ አገኘሁ። ሐሳቤ በአሮጌው ቦታ ተክቼው፣ ሲሠራ አይቼ፣ ከዚያ እውነቱን ልጽፍልህ ነበር። የሰዓት ጥገናዬን ሱቅ ቀደም ብዬ ዘግቼ ቤት መጣሁ። ማጉሊያ መነጽሬን ዓይኔ ላይ ሰክቼ አሮጌውን ነቀልኩ፤ አዲሱን በየድኩ። ባትሪውን ሦስት ጊዜ አይቼ ሰካሁ።

ያው ጫጫታ።

ምን እንደተሰማኝ እንዴት ልንገርህ። ግማሹ ደስታ ነው፤ ለካ ያቃጠልኩት ነገር የለም! ግማሹ ደግሞ ድንግርግር፤ ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የጥቅሉን ዙር ቆጠርኩ፤ ኤሌክትሪክ የሚያቁሩትን ካፓሲተሮች አንድ በአንድ ለካሁ፤ ገመዱን ቀየርኩ። አራት ቀን ሙሉ እንዲሁ ስዳክር እማዬ የመነጽሯ ብሎን ላልቶባት አጥብቂልኝ ብላ መጣች። ስትቀመጥ ጠረጴዛውን ልትደገፍ እጇን ሳጥኑ ላይ አሳረፈች። ጫጫታው ጸጥ አለ። እጇን አነሳች፤ ተመለሰ።

«ይሄ ነገርሽ እንደ ሕፃን ነው» አለችኝ፤ «እጅ ሲያርፍበት ዝም ይላል።»

ደግመሽ አሳርፊ አልኳት። አሳረፈች። ኤሌክትሪክ የምለካበትን ቴስተር ባትሪው ላይ አገናኝቼው ስለነበር፣ በእጇ መነሳትና ማረፍ መርፌው አብሮ ሲዘል አየሁ። ያኔ ነው የበራልኝ። ሳጥኑ ሞቶ አይደለም፤ ራሱ እየጮኸ ነው! አዳራሽ ውስጥ ማይክራፎን ወደ ድምፅ ማጉያው ሲጠጋ እንደሚያፏጨው ሁሉ፣ በመውጫው የወጣው ድምፅ ሾልኮ በመግቢያው እየተመለሰ ራሱን በራሱ ሲያጎላ ኖሯል። ከአንቴናው የሚመጣውን በምን ጆሮው ይስማ?

የሾለከበትን ለማግኘት አንድ ከሰዓት በኋላ በቃኝ። ትራንዚስተሩን ከቆርቆሮው ጋር የሚያስረው ካፓሲተር የሽቦ እግሩ ርዝመት የክብሪት እንጨት ግማሽ ያህላል። በተራ ሬዲዮ ቢሆን ምንም አይደል። እኛ በምንሰማው ሞገድ ግን እሷን ታህል ሽቦ ትልቅ ጣጣ ናት። ቆርጬ ከቆርቆሮው ጋር አጣብቄ በየድኩት። በመግቢያውና በመውጫው መካከልም ቁራጭ ቆርቆሮ እንደ ግድግዳ አቆምኩ። አዲሱን ትራንዚስተር አውጥቼ የአንተኑ መለስኩበት፤ እልህ ነው።

ክዳኑን ገጥሜ ስሰካው ከመጠን በላይ ጸጥ አለብኝ። አሁንስ ገደልኩት ብዬ ልነቅለው ስል፣ ከስስ ሿሿታ ሥር የሰው ድምፅ ሰማሁ። ከተራራው ጀርባ የምትኖረዋን ጡረተኛ ነርስ ታስታውሳታለህ? በስም ብቻ የምናውቃት፣ የሬዲዮ ጥሪዋ ስለማይሰማን «ሹክሹክታ» የምንላት፣ ሰማኋት ያለ ሁሉ ውሸታም የሚባልባት? እሷ ናት። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ቃል በቃል፣ የሚሰማኝ አለ ወይ እያለች ትጣራለች።

እጄ ወደ መናገሪያው ቁልፍ ሮጠ። ማጉያው ከሬዲዮው ጋር እንደተገናኘ ብጫነው ኖሮ ሬዲዮው የሚልከው ኃይል በሰከንድ ያቃጥለው ነበር፤ ይህን ደብዳቤም አልጽፍልህም። ጣቴ ቁልፉ ላይ ደርሶ ትዝ አለኝ። ገመዱን ነቅዬ አንቴናውን በቀጥታ ሰካሁና መለስኩላት። ከዚያ ማጉያውን መልሼ አስገብቼ ጠበቅኩ።

«ደግመሽ ንገሪኝ» አለችኝ በመጨረሻ። «ከየት ነሽ ያልሽው?»

ወደኛ ከተማ በየቅዳሜው መጣራት ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ መልስ ስታገኝ የመጀመሪያዋ። ድምፅዋ ሲሰበር ሰማሁት። በምን እንደሰማኋት ስትጠይቀኝ ወንድሜ በሠራው ማጉያ ነው፣ እኔ አንዲት እግር ነው ያሳጠርኩት አልኳት። እማዬ አጠገቤ ቆማ በሻሯ ዓይኗን ትጠርጋለች።

ሊቀመንበሩን በስልክ ጠራሁት። በነጠላ ጫማ ነው እየተጣደፈ የመጣው። ሹክሹክታን ካዳመጠ በኋላ ክዳኑን እንድከፍትለት ጠይቆ፣ በእስክሪብቶው ጫፍ የጥቅልህን ዙር አንድ በአንድ ቆጠረ። ሁለት ጊዜ ቆጠረ።

«ልክ ነው» አለ። «ያኔም ልክ ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ እንዲህ ብሎሃል በይልኝ።»

ብዬሃለሁ። የራሴ ጥፋት ግን እሱ ስላመነ የሚሰረይ አይደለም። ትራንዚስተሩ ቢተርፍም ዝምታዬ አንተን አቃጥሏል። ብትቆጣኝ ተቆጣኝ፤ ብቻ መጥተህ ተቆጣኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ስትሄድ ለቤቱ ጉዳይ ብለህ የሰጠኸኝን ውክልና ይዤ፣ ሳልነግርህ የሬዲዮ ፈቃድህን በየዓመቱ ሳሳድስ ኖሬያለሁ። በሬዲዮ የምትታወቅበትን የጥሪ ስምህን ማንም አልወሰደውም። ለነርሷ ነግሬያታለሁ፤ ጽፋ ይዛዋለች። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ የምትጠራው አንተን ነው፤ እስክትመጣ እኔ አልመልስላትም።

ታናሽ እህትህ