አስተባባሪያችን ፊት የሰጠነው ነጥብ

የመካሪዎች ወርኃዊ ስብሰባ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ቀርቷል። ሰላምታዬን ሳላደርስ ወሬ ማስቀደሜን ይቅር በይኝ፣ እታለም። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኔ ከሐሳብ በቀር ደኅና ነኝ።

ማኅበሩ ለእያንዳንዳችን አንድ ወጣት ሰጥቶ “ምከሩት፣ አይዞህ በሉት” እንዳለን ታውቂያለሽ። እኛን ደግሞ አይዟችሁ የምትል አንዲት አስተባባሪ አለች። ደግ ናት፤ ግን ብቻዋን ስለሆነች ለሁላችንም አትደርስም። ለኔ የደረሰኝ ልጅ ትምህርቱን ትቶ ክፍሉን ዘግቶ ከተቀመጠ ወዲህ ምን ልበለው ብዬ ደጋግሜ ደውዬላታለሁ። “መልሼ እደውላለሁ፣ ወንድሜ” ትለኛለች፤ በዚያው ትቀራለች።

ባለፈው ወር ማኅበሩ መካሪዎቹን ምን ያህል እንደሚደግፍ የሚመዝን ሰው ላከ። መጠየቁስ ባልከፋ፤ የጠየቀን ግን እሷው ፊት፣ እሷው ሻይ እየቀዳችልን ነው። ለድጋፉ ከአምስት ስንት ትሰጣላችሁ አለ። ሻይ የቀዳችልሽ ሴት ዓይን ዓይንሽን እያየችሽ ሁለት ትያለሽ? ጡረተኛው መምህር አምስት አሉ። ፀጉር ሠሪዋ “ስድስት የለም እንዴ?” ብላ አሳቀችን። እኔም አምስት አልኩ።

ውጤቱ መጣ። መካሪዎቹ ሙሉ ድጋፍ አግኝተው ራሳቸውን ችለዋልና ከእንግዲህ ስብሰባም አስተባባሪም አያሻቸውም ተባለ። ልንኩላት ብለን ዓይኗን አጠፋነው።

ትናንት ከሥራ ስወጣ የልጁን በር አንኳኳሁ፤ አልከፈተም። እናቱ እስከ ደረጃው ሸኝተውኝ “አንተም ልትተወው ነው?” አሉኝ። የኤሌክትሪክ መስመር ሲበጠስ የት እንደምነካ አውቃለሁ፤ ለዚህኛው ግን የሚያሳየኝ ሰው ያስፈልገኛል።

ስብሰባው ወዲያው ቢቀርም ውሳኔውን የማኅበሩ ኮሚቴ ገና አላጸደቀውም፤ ከዚያ በፊት ከመካሪዎች አንድ ሰው ኮሚቴው ፊት ይናገር ተብሎ እኔን መረጡኝ። አልደረሰችልንም ብል ስሟን አጠፋለሁ፤ ዝም ብል ትሄዳለች፣ እኔም ልጁን ይዤ ብቻዬን እቀራለሁ። መምህሩን ባማክራቸው “አፋችንን በሻይ ዘግተን አሁን በምን እንከፍተዋለን?” አሉኝ።

ባለቤትሽን፣ አማትሽን፣ ትልቋን ልጅሽንና ያንን ተንኮለኛ ትንሹን ሰላም በይልኝ። ምክርሽ በደብዳቤ እንደማይደርስልኝ አውቃለሁ፤ ስልክ ካገኘሽ ደውይልኝ። ኮሚቴው የሚቀመጠው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው።

ታናሽ ወንድምሽ
ከጥገና ክፍሉ፣ ረቡዕ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን