አባትሽ ስለሚረሳው ነገር

ሳጉሬ፣ የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለመቅደላዊት
አሶሳ

እንደምን ሰነበትሽ? ሙቀቱ በርትቶብሻል ወይስ ለመድሽው? እኛ አለን። ደብዳቤ መጻፌ እንዳያስደነግጥሽ፤ ስልክ ስትደውዪ አባትሽ ሁልጊዜ አጠገቤ ስለሚቀመጥ ነው። ባለፈው «አባዬ አእምሮው ተነካ የሚሉት እውነት ነው?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ስለ አየሩ ያወራሁልሽ ለዚህ ነበር። ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ ወስጄ መጥቼ አሳክመዋለሁ ማለትሽንም ሰምቻለሁ። አትምጪ። መጀመሪያ ይህን አንብቢ።

ወንድምሽ ወንደሰን ከማረሚያ ቤት ደውሎ የነገረሽ ግማሹን ነው።

የአምናው የኅዳር ሚካኤል ማኅበር የእኛ ተራ ነበር። ወንደሰን አይሱዙው ላይ ገብስ ጭኖ ወደ አሰላ ሊያልፍ ሲል ደጅ አቁሞ ገባ። ማኅበርተኛው በሙሉ ደስ አለው። በላ፣ ጠጣ። ጠላ ብቻ አልነበረም፣ አረቄም ነበር። ማን እንደቀዳለት አትጠይቂኝ። ጀምበር ሳትጠልቅ ተነሥቶ ሄደ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ኩርባ ላይ የሊበንን ጋሪ ከኋላ መታው። ሊበንን ታውቂዋለሽ፣ የጉቱን ልጅ። ዝናብ ሲጥል ከትምህርት ቤት በጋሪው ያመጣሽ የነበረው ነው። እዚያው ሞተ። ፈረሱ ተርፏል፤ አሁን ወንድሙ ይሠራበታል።

ጠበቃ ያዝን። ኃይለመስቀል ይባላል፣ አሰላ ነው ቢሮው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ያስረዳን እንዲህ ነው፦ ሰው መሞቱ አይካድም፤ በቸልተኝነት ብቻ ከተባለ ቅጣቱ ቀለል ይላል፣ ጠጥቶ ሲነዳ ገደለ ከተባለ ግን ከአምስት ዓመት ጀምሮ እስከ አሥራ አምስት ይሄዳል። ስለዚህ ክርክሩ ሁሉ መጠጡ ላይ ነው። ያን ዕለት ትንፋሹን የለካ የለም፣ ደሙም አልተመረመረም። ትራፊክ ፖሊሱ «አፉ ይሸት ነበር» ብሎ ጽፏል፣ ሌላ ማስረጃ የላቸውም። ማኅበርተኞቹም አይናገሩም። ኃይለመስቀል ወረቀቱን አንብቦ ሳቀ።

«በሚካኤል ዕለት ሳጉሬ ውስጥ አፉ የማይሸት ሰው ካገኙ እሱን ይክሰሱት» አለን።

እኛም ሳቅን። ከታሰረ ወዲህ የሳቅነው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ኋላ ግን ጠበቃው ሌላ ነገር ጨመረበት። ጋሪው መሀል መንገድ ይዞ ነበር፣ ሟቹም ጠጥቶ ሲወላገድ አይቻለሁ የሚል አንድ ባለ ግሮሰሪ አገኘ። ሊበን ሙስሊም ነው። መጠጥ በአፉ እንዳልዞረ ሳጉሬ ሁሉ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ዝም አልኩ። አባትሽም ዝም አለ፤ እሱ ግን እህል መብላት ተወ።

ሽምግልና መላኩን ጠበቃው ራሱ ደግፎ ነበር። እርቅ ከወረደ ዳኛ ያያል፣ ቅጣት ያቀልላል አለ። «አደጋ ነው፣ ይቅር በሉን በሉ። ስለ መጠጥ ግን ትንፍሽ እንዳትሉ» ብሎ አባትሽን ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀው። አባትሽ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ራስ መነቅነቁን እሺታ መስሎኝ ነበር።

ሐጂ ኢርሻድና የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው ወልደጻድቅ፣ ሽማግሌ ሆነው ሄድን። እንደ አገሩ ደንብ እርጥብ ሣር ይዘን ከጉቱ አጥር ውጭ፣ ወይራው ሥር መሬት ላይ ተቀመጥን። ደም እያለ ግቢያቸው አይገባም፣ ውሃቸውም አይጠጣም። የሟች ወገን የሚጠይቀውን የገዳይ ወገን ይመልሳል፤ የተደበቀ ነገር ካለ ሽማግሌ አይመርቅም። ይህን እዚህ ያደግሽ ልጅ ነሽና ታውቂዋለሽ። ጠበቃው የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ አላወቀም። እኛ ደግሞ አልነገርነውም። ለምን እንዳልነገርነው እስካሁን አስባለሁ።

ጉቱ ብዙ ያለቅሳል፣ ብዙ ይሳደባል ብዬ ፈርቼ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀው፣ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብሎ።

«እንደሻው፣ ልጄ ሰክሮ ነው የሞተው እያሉ ነው። ከሁለቱ የጠጣው የቱ ነው?»

ወልደጻድቅ የአባትሽን ኮት ከኋላ ሲጎትት አየሁ።

«የኔው ነው» አለ አባትሽ። «ቤቴ ሲጠጣ አይቻለሁ።»

ጉቱ ተነሥቶ ገባና ውሃ አስመጣልን። ጠጣን። ሐጂ መረቁ፣ ወልደጻድቅም መረቀ። ስንመለስ አባትሽ ከፊቴ ከፊቴ ነበር የሚሄደው፤ ማታም አንድ እንጀራ ሙሉ በላ።

ወሬው ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ለመድረስ አልቆየም። ከተማችንን ታውቂያታለሽ። ሐጂ ኢርሻድ ተጠርተው በቁርኣን ማሉ፣ የሰሙትንም ተናገሩ። አልቀየምኳቸውም፤ ምን ሊሉ ኖሯል? ጠበቃው ከችሎት ወጥቶ ደረጃው ላይ እንደቆመ፣ ማንም ሊያስወጣው የማይችለውን ነገር ራሳችን አውጥተን አስረከብን አለን። አባትሽ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ሰማው።

ከዚያ ነው ጠበቃው አዲሱን ነገር ያመጣው። ሰውዬው ሸምግሏል፣ አእምሮው ደክሟል፣ የተናገረውን አያውቅም ከተባለ ቃሉ ይወድቃል። ለዚህ የሚመሰክር የቤት ሰው ያስፈልጋል። ወንደሰንን ልጠይቀው ሄጄ በአጥሩ ማዶ ሆኖ «እማዬ፣ አባዬ ይረሳል በያቸው። ሌላ ነገር አላስቸግርሽም» አለኝ። ከስቷል። እንደ ልጅነቱ ጥፍሩን እየበላ ነበር። ምን ትይው ነበር አንቺ?

በወንጌል ምዬ መሰከርኩ። ከመቼ ጀምሮ ነው አሉኝ። ከሁለት ክረምት በፊት አልኩ። ሻይ ውስጥ ጨው ይጨምራል፣ እኔን በእህቱ ስም ይጠራል፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ የራሱ በር ይጠፋዋል አልኩ። ዝርዝሩን ከየትም አላመጣሁትም፤ አያትሽ ልትሞት ሰሞን የሆነችው ሁሉ ነው። አባትሽ የኋላው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ዞሬ አላየሁትም።

ስንመለስ ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል ለላሚቱ ጨው አለመግዛታችንን ያስታወሰው እሱ ነው። እኔ ጨርሶ ረስቼው ነበር። ሾፌሩን ለምኖ ወርዶ ገዝቶ መጣ።

ዳኞቹ አላመኑኝም። የሚስት ቃል ብቻውን አይበቃም አሉ። ጥፋተኛ ተባለ፣ ሰባት ዓመት ፈረዱበት። ይህን ነግሮሻል። ያልነገረሽ የሚቀጥለውን ነው፤ እሱም አያውቀውም።

ፍርዱ በተነበበ በሳምንቱ ሐጂ ኢርሻድ መጡ። በር ላይ ቆመው ነው የተናገሩት፣ ግቡ ብላቸው እንቢ አሉ። ጉቱ የላከባቸው ቃል ይህ ነው፦ «ልጃችንን ነጻ ያደረገው የእንደሻው ቃል ነበር። ቃሉ የበሽተኛ ቃል ከሆነ ልጃችን ሰካራም ሆኖ ቀረ። የጠጣችሁትን ውሃ እንዳልጠጣችሁት ቁጠሩት።» በማግስቱ ገበያ ላይ ኢፍቱን፣ የሊበንን ሚስት፣ አገኘኋት። ሽንኩርት እየመረጥኩ ነበር።

«እትዬ የውብዳር፣ እንግዲህ የጠጣው የኔ ባል ሆነ?» አለችኝ። ጮክ ብላ አይደለም።

ሰው ቆሞ ያያል። አይደለም እንዳልላት ይግባኙ አለ። ሽንኩርቱን ጥዬ ሄድኩ።

አባትሽን ደግሞ ሰዉ ጮክ ብሎ፣ ቃል በቃል እየነጠለ ነው የሚያናግረው። ወፍጮ ቤት ያሉት ጎረምሶች «ጋሼ እንደሻው፣ እኔ ማን ነኝ?» ብለው ይቀልዱበታል። ድሮ ቢሆን በከዘራ ነበር የሚላቸው። አሁን አየት ያደርጋቸውና «አላወቅሁህም» ይላል። አባቶቻቸውን በስም ከነአያቶቻቸው እየጠራ ሊነግራቸው የሚችል ሰው።

ነገ አዳማ እንሄዳለን። ኃይለመስቀል ይግባኙ ላይ የአእምሮ ሐኪም ማስረጃ ካላያያዝን ዋጋ የለውም ብሏል። አባትሽ አንድ ጊዜ እንኳ እንቢ አላለም። ትናንት ወንደሰንን ብቻውን ሄዶ ጠይቆት ነበር፤ ምን እንደተነጋገሩ አልነገረኝም። ዛሬ ከምሳ በኋላ ጢሙን ተላጨ፣ ካፖርቱን አራግፎ ሰቀለና አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

«የውብዳር፣ ሐኪሙ ስም ሲጠይቀኝ የማንን ልርሳ?» አለኝ።

ምስር እየለቀምኩ ነበር፣ መልቀሜን ቀጠልኩ። እሱም፣ «የሊበንን አልችልም። የልጆቻችንን እሞክራለሁ» አለ።

ስለዚህ ልጄ፣ አትምጪ። እዚህ ብትመጪ ፊቱን አይተሽ ታለቅሻለሽ፣ እሱም መርሳቱ ያቅተዋል። ስልክ ስትደውዪ በሌላ ስም ቢጠራሽ አትደንግጪ፣ አታርሚውም። እየተለማመደ ነው።

ለብቻሽ ምግብ መሥራት ሰልችቶሽ ጾምሽን እንዳታድሪ። ሚካኤል ከክፉ ሁሉ ይከልልሽ፤ የምታስተምሪያቸውም ልጆች ለወላጆቻቸው ይደጉ።

እናትሽ
የውብዳር