ባለቤት የለውም

ጥቅምት 4

ዳቦው የትናንት ነው። ባለሱቁ ዓይኑን በጨው አጥቦ «አሁን የወጣ ነው» አለኝ። በጣቴ ብጫነው እንደ ድንጋይ። መለስኩለት።

ከሰዓት በኋላ ማቀዝቀዣው ጎን የተንጠለጠለችውን የመልእክት ደብተር አየሁ። የእኔና የልጅ ልጄ ደብተር ናት፤ ኮሌጅ ከገባች ወዲህ ስንተላለፍ እንጻጻፍባታለን። ልጅቷን ሰረዝ እላታለሁ። ሕፃን ሳለች ወሬዋ አራት ነጥብ አያውቅም ነበር። ዛሬ እንዲህ ብላለች፦ «እማማ፣ ክፍል አልሄድም። አትውጪ ብለዋል።»

ከሥሩ በቀይ ጻፍኩ፦ «ማን? ባለቤት የለውም።» ሠላሳ አንድ ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ስሠራ ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር በእጄ አላለፈም። በገዛ ቤቴ ሊያልፍ ነው?

(እዚህ ማስታወሻዬ ላይ እኔው ባለቤት እዘላለሁ። ይህ ግን ለራሴ ነው።)

ጥቅምት 5

ልጄን ጠየቅኩት። «ብለዋል» ያለችው አባቷን እንጂ ማንን ይሆናል? እናቷ ከሞተች ስድስት ዓመቷ። በዚህ ቤት አንቱ የምትለው እኔንና እሱን ነው። ትልቅ ሰው አንቱ እንደሚባል ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ እኔን በማስመሪያ እየመቱ ነበር ያስተማሩኝ።

«ልጅቷን ለምን ከትምህርቷ ታስቀራታለህ?»

«እኔ? መቼ?»

«አትውጪ ብለሃታል።»

«እማዬ፣ ከልጅቷ ጋር ካወራሁ እኮ ሳምንቴ ነው።»

ውሸቱን ነው አልኩ። ደግሞ ከልጁ ጋር ሳምንት ሙሉ አለማውራቱን እንደ ምስክር ሲቆጥረው! አስጠላኝ።

ጥቅምት 19

ክፍሏ ገባሁ። ሽታው... በሦስት ብርጭቆ የረጋ ወተት፣ አንዱ ላይ ሻጋታ። ያልታጠበ ፀጉር። የመስኮቱን መስታወት በሚያብረቀርቅ የምግብ መጠቅለያ ፎይል ለጥፋዋለች። የመብራት ማብሪያው ላይ ፕላስተር።

«ይህ ምንድን ነው?»

«እንዳይሰሙ ነው።»

«እነማን?»

ወደ ጥጉ ዞራ ፈገግ አለች። ለእኔ አልነበረም። አፍንጫዬን በመሐረብ ይዤ፣ ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ ወጣሁ። አጠብኳቸው። ምን ዓይነት ሰው ነው ብርጭቆውን ብቻ የሚያጥብ?

ጥቅምት 20

ወተቱ ከአፍንጫዬ አልወጣ አለ።

ኅዳር 3

ከኮሌጁ ደወሉ። ፈተና ላይ ባዶ ወረቀት አስረክባለች። ለምን ሲሏት «አትጻፊ ብለውኛል»። አስተማሪው እሱን ማለቷ መስሎት ተቆጥቷል። አማካሪዋ ግን ነገሩ ሌላ እንደሆነ ገብቷታል። የምንሄድበትን ቦታ ነገረችን።

ኅዳር 6

ለወጣቶች የተከፈተ ክፍል ነው። ሕመሙ ሥር ሳይሰድ ገና በጅምሩ ይይዛሉ አሉ። በሩ ላይ «የአምሮ ጤና» ተብሎ ተለጥፏል። አእምሮ የሚያክሙ ሰዎች አእምሮን እንኳ አሟልተው አልጻፉም። ወንበሩ ይጣበቃል። ነርሷ ማስቲካ ታኝካለች።

«እማማ፣ ምነው ቆሙ?»

«ወንበሩ ይዞ እንዳያስቀረኝ።»

ሳቀች። ማስቲካው ከነጥርሷ ታየኝ።

ሰረዝን ግን ሳትቸኩል አናገረቻት። «ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማሻል?» ልጅቷ እኔን አየች፣ አባቷን አየች። «አይሰማኝም።»

ከዚያ ነርሷ ወደ እኛ ዞረች። «መቼ ጀመራት? በደንብ አስቡት። የምናደርገው ሁሉ በእሱ ነው የሚወሰነው።»

ልጄ ቀደመኝ። «ሁለት ሳምንት ቢሆናት ነው። ፈተና ነበረባት፣ እንቅልፍ አጥታ ነው።»

እንደዋሸ አውቃለሁ። የጥቅምት አራቱ መልእክት ብቻውን ከወር በላይ ሆኖታል። ዝም አልኩ። ከሰው ፊት ልጄን ላለማዋረድ? ወይስ ለእኔም ስለተመቸኝ?

«እንግዲያው ትረፍ፣ ትተኛ። ከወር በኋላ እንያት። ከባሰባት ቀድማችሁ ኑ» አለች ነርሷ።

መንገድ ላይ ልጄ ጆሮዬ ሥር «ስሟ መዝገብ ላይ ከሰፈረ ማን ይቀጥራታል? ማን ያገባታል?» አለኝ። ፊቱ ላይ የነበረው እፎይታ አንገሸገሸኝ። ሰረዝ ከኋላችን ጆሮዋን ይዛ ትከተለን ነበር።

ኅዳር 8

ደብተሯን ከመጀመሪያው ገልጬ አነበብኳት። ለጀማሪ አራሚዎች እንደ ሙያ ምሥጢር የምነግራቸው ነገር ነበር፦ «አታንብቡ፤ ፊደል ልቀሙ። ታሪኩ ከወሰዳችሁ ስሕተቱ ያመልጣችኋል።» እኔም አላነበብኩም ነበር።

ግንቦት 11፦ «ሲያወሩ ውለው ራሴን አሳመሙኝ።» በቀይ፦ «ባለቤት የለውም።»

ሰኔ 2፦ «ምሳውን አትብዪ ስላሉኝ ትቼዋለሁ።» በቀይ፦ «ማን?»

ሐምሌ 20፦ «እማማ፣ ለእርስዎም ይነግሩዎታል?» በቀይ፦ «ምኑን? ተሳቢ የለውም።»

ነሐሴ 9 አንድ ቃል ብቻ ነው። «ፈራሁ።» ስሕተት የለውማ። በቀይ የትክክል ምልክት አድርጌበታለሁ።

ስድስት ወር። ቀን በቀን፣ በእጄ ጽሑፍ። ባለቤት የለውም ስል እውነቴን ነበር፤ የሚናገር ሰው አልነበረም። ልጅቷ ግን ትጠይቀኝ ነበር። የሻገተውን ወተት ተጸይፌ ነበር... ከዚህ ደብተር ጋር ሲነጻጸር ወተቱ ንጹሕ ነው።

ኅዳር 9

ለማንም ሳልናገር፣ ደብተሯን ይዤ ብቻዬን በአውቶቡስ ወደ ሕክምናው ሄድኩ። ዘበኛው የቀጠሮ ወረቀቱን አይቶ «ገና ነው እኮ እናቴ» አለኝ።

«አልፏል።»

ነርሷ አንድ በአንድ ገለጠች። ማኘክ አቆመች።

«ይህን ሁሉ ያረሙት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። የምትይውን በይኝ።»

«ምን እላለሁ? ቀኑ ተጽፎ የመጣልኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሌላው ቤተሰብ አያስታውስም።»

ምስጋናዋ ከስድብ ይብሳል።

«ወር አንጠብቅም» አለች። «ዛሬ ከሰዓት እኔና ሐኪሙ ቤት እንመጣለን። ስድስት ወር ብዙ ነው፤ ግን አልረፈደም።»

ስወጣ በሩ ላይ የጎደለውን «እ» በቀይ ጨመርኩ። ቢያንስ እሱን።

ልጄ ሐኪሙንና ነርሷን ሳሎኑ ውስጥ ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። እስኪሄዱ ጠብቆ «አሳልፈሽ ሰጠሻት» አለኝ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

«ተረት አትንገሪኝ፣ እማዬ።»

ደብተሯን ሰጠሁት። ቆሞ ጀመረ፣ ተቀምጦ ቀጠለ። «ፈራሁ» የሚለው ጋ ሲደርስ ዘጋት።

ታኅሣሥ 14

መድኃኒቱ ያስተኛታል። አፏ ይደርቃል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። ከሰው በታች ያደረጓት መስሎኝ ሐኪሙን ተቆጣሁት። መጠኑን ቀነሰላት።

ነርሷ በሳምንት ሁለቴ ትመጣለች፤ ከነማስቲካዋ። ዛሬ እሷና ሰረዝ ወለሉ ላይ ተቀምጠው፦

«ምን ዓይነት ድምፅ ነው?»

«የትልቅ ሰው። የሽማግሌ።»

«አንድ ነው?»

«አንድ ናቸው።»

«አንቱ ነው የምትያቸው?»

«አዎ።»

«እሳቸውስ?»

«አንቺ። ደደብ ይሉኛል፣ ቆሻሻ ይሉኛል።»

«ታዲያ የሚሰድብሽን ሁሉ አንቱ በይ ያለሽ ማነው?»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ሰረዝ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ። የሳቀችው በእኔ ነው፤ ይሁን። ያን ሁሉ ዓመት ሳስተምር አንቱታ ለማን እንደማይገባ አንድ ቀን እንኳ አልነገርኳትም።

ጥር 27

ክፉ ቀን። መድኃኒቱን ተፋችው። መስኮቱ እንደገና ተለጠፈ። ለነርሷ ደወልኩ። እስክትደርስ ልጄ ከሥራ መጥቶ ሦስት ሰዓት ሙሉ በሯ ሥር ተቀመጠ። «እዚህ ነኝ» ብቻ ነው የሚላት። ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «ልጅቷ አበደች ወይ?» ብትለው «አሟታል። ትታከማለች» አላት። ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም።

የካቲት 21

ጠዋት የሴትዮዋን ቡናማ ስኒከር በበረንዳዬ ላይ አየሁ። ነርሷን ማለቴ ነው። ጭቃዋን ምንጣፌ ላይ ጠርጋ ገባች። አስጠላችኝ። ሻይ ቀዳሁላት። ሰረዝ በሚቀጥለው ወር በሁለት ትምህርት ብቻ እንድትጀምር ከኮሌጁ ጋር ተስማምታላታለች።

ነርሷን ሸኝቼ ስመለስ የሰረዝ ክፍል ባዶ ነው። ወደ ማቀዝቀዣው ሮጥኩ። ደብተሯ ተገልጣለች።

«እማማ፣ ያ ድምፅ ዛሬም አትውጪ አለኝ። እኔ ግን ወጥቻለሁ። ዳቦ ይዤ እመጣለሁ»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ባለቤት አለው። «ያ ድምፅ።» ደግሞ «አሉኝ» አይደለም... «አለኝ»! ከአንቱታ አውርዳዋለች።

መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ የለም። እጄ ወደ ቀዩ ሄደ። የገዛ እጄን ተጸየፍኩት። ሰማያዊ ፈልጌ ከሥሩ ጻፍኩ፦

«የትናንት እንዳይሰጥሽ። ጣትሽን ጫኚበት።»